ቡስቱ መጀመሪያ ይዘላል፣ በኋላ ይወርዳል

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። በየዕለቱ የምነዳው ባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ ቤንዚን መኪና አለኝ። በቅርቡ ኤሌክትሮኒክ የቡስት (ቱርቦው አምቆ የሚሰጠው የአየር ግፊት) መቆጣጠሪያ አስገጠምኩ። የምፈልገው 1.0 ባር ነው። ነዳጅ ስረግጥ ግን ወደ 1.3 ይዘልና ሞተሩ ድንገት ይቆረጥብኛል። ሳይቆረጥ ካለፈ ደግሞ ዙሩ 6,000 ሲጠጋ ወደ 0.8 ይወርዳል። ጌይኑን (መቆጣጠሪያው ስህተቱን የሚያርምበትን ጥንካሬ) ስቀንሰው መዝለሉ ትንሽ ይቀንሳል፤ ግን ቱርቦው ቶሎ አይነሳም። ሶሌኖይዱ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋው ቫልቭ) የታሰረው ከሞተሩ ጀርባ የጋቢናው ግድግዳ ላይ ነው። ግፊቱን የሚወስደው ከኢንቴክ ማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ቱቦ) ሲሆን፣ ቱቦውን ከቡስት ጌጁ ጋር ይጋራል። የአክቹዌተሩ ሞላ 0.5 ባር ነው ብለውኛል። ቁጥሮቹን እንዴት ላስተካክላቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሮቹን ለጊዜው አትንካቸው። የችግርህ ምንጭ ቱቦውና ሞላው ይመስሉኛል። እነሱ ሳይስተካከሉ ሴቲንግ ላይ ብትውል ብታድር ለውጥ አታገኝም።

የቡስት መቆጣጠሪያው በራሱ ቡስት አይፈጥርም። ቡስቱን የሚያመጣው ተርባይኑን የሚያሽከረክረው ጭስ ነው። ጭሱ በዌስትጌቱ (የጭስ ማምለጫው) በር ካመለጠ ተርባይኑ ዙር አይጨምርም። በሩን የሚከፍተው አክቹዌተሩ ነው፤ ውስጡ ሞላና ዲያፍራም (በግፊት የሚለጠጥ ስስ ሽፋን) አለው። የቱርቦው ግፊት ዲያፍራሙን ሲገፋው ሞላው ይሸነፋል፣ ዘንጉ ይወጣል፣ በሩ ይከፈታል። ሶሌኖይዱ የሚያደርገው አክቹዌተሩን ማታለል ነው። ቱርቦው 1.0 ባር እየሰጠ ወደ አክቹዌተሩ የሚደርሰው 0.5 ብቻ እንዲሆን የተወሰነውን አየር ይለቅበታል። ይህንንም የሚያደርገው በሰከንድ 30 ጊዜ ገደማ እየተከፈተና እየተዘጋ ነው። ከዚያ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያገኝበት ጊዜ በመቶኛ ሲለካ ዱቲ እንለዋለን። ዱቲ ዜሮ ከሆነ ቡስቱ የሞላው ልክ ነው። ከሞላው በታች የሚያወርድ መቆጣጠሪያ የለም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሞላውን ትክክለኛ ልክ እንወቅ። “0.5 ነው ብለውኛል” አይበቃም፤ ለካው። ሶሌኖይዱን ከመስመሩ አውጣና ከቱርቦው ኮምፕረሰር (አየሩን የሚያምቀው ክፍል) ቤት ላይ ካለው የቱቦ መግጠሚያ ጡት በቀጥታ ወደ አክቹዌተሩ አንድ አጭር ቱቦ ዘርጋ። በ3ኛ ወይም በ4ኛ ማርሽ ከዝቅተኛ ዙር እስከ ላይ ሙሉ ርገጥና ጌጁን ተከታተል። ይህን ዳይኖ (የመኪና ኃይል መለኪያ ማሽን) ላይ ወይም ለሙከራ በተዘጋ ቦታ አድርገው፤ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ላይ አይሞከርም። ቡስቱ 0.5 አካባቢ ወጥቶ እዚያው ከቆመ መሠረቱ ጤነኛ ነው።

ዙሩ በጨመረ ቁጥር ወደ 0.7፣ ወደ 0.8 እየተሳበ ከወጣስ? ያኔ በሩ ሙሉ ተከፍቶም ጭሱን ማሳለፍ አልቻለም ማለት ነው። ሰፊ የጭስ ቱቦ በተቀየረላቸው መኪኖች ላይ በብዛት ይታያል። መድኃኒቱ የዌስትጌቱን ቀዳዳ በባለሙያ ማስፋት ወይም ትልቅ የውጭ ዌስትጌት መግጠም ነው። ኤሌክትሮኒክሱ እዚህ ላይ ምንም አይረዳህም።

አክቹዌተሩን ሞተር ሳታስነሳም መፈተሽ ትችላለህ። ጌጅ ያለው የእጅ ፓምፕ አገናኝና ግፊቱን ቀስ እያልክ ጨምር። ዓይንህን ከዘንጉ ላይ አታንሳ። ዘንጉ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ፓምፑን አቁመህ ጠብቅ፤ መርፌው ከወረደ ዲያፍራሙ ወይም ቱቦው ያስተነፍሳል። ዘንጉ ሲሄድ ሳይንቀጠቀጥና ሳይዝ መሄድ አለበት። የጎማ መንፊያ ኮምፕረሰር ግን በቀጥታ እንዳታገናኝ፣ ዲያፍራሙን ይቀደዋል።

አሁን ወደ መዝለሉ እንምጣ። ግፊቱ ከቱርቦው ተነስቶ ኢንተርኩለሩን (የታመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) አቋርጦ ማኒፎልድ ይደርሳል። ከዚያ ከጌጁ ጋር ተካፍሎ እስከ ግድግዳው ይሄዳል፣ በሶሌኖይዱ አልፎ እንደገና ወደ አክቹዌተሩ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ቱቦ በአየር እስኪሞላ ቱርቦው አይጠብቅህም። አክቹዌተሩ “1.0 ደርሷል” የሚለውን ሲሰማ ቱርቦው 1.3 ላይ ነው።

ከማኒፎልድ መውሰድ ሌላም ጣጣ አለው። ነዳጅ መርገጫውን ግማሽ ስትረግጥ ከትሮትሉ (ከአየር ማስገቢያው በር) በፊት ያለው ግፊት ከማኒፎልዱ ይበልጣል። አክቹዌተሩ የሚያየው ግን ትንሹን ነው፤ ቱርቦው ያለ ጥቅም ሲፈጥን አያውቅም። ስለዚህ የሶሌኖይዱን ምንጭ ወደ ኮምፕረሰሩ ጡት ቀይረው። መቆጣጠሪያው ግፊት የሚያነብበት የራሱ ሴንሰር ግን ማኒፎልድ ላይ ይቆይ፣ ለብቻው በተዘረጋ ቱቦ። ጌጁም የራሱን ይያዝ።

ሶሌኖይዱን ወደ ቱርቦው አቅርበው፤ ግን ከጭስ ማኒፎልዱ ሙቀት ራቅ ይበል። ግድግዳው ወፍራም የሆነ 4 ሚሊ ሜትር የሲሊኮን ቱቦ ተጠቀም፣ በተቻለ መጠን አሳጥረው፣ ጫፎቹን ሁሉ በፋሼታ እሰር። ሶሌኖይድህ ባለ ሦስት ቀዳዳ ከሆነ አሮጌው የፋብሪካ ቱቦ ውስጥ የቀረ ማጥበቢያ እንዳለ ፈልግ። መሐሉ በመርፌ የተበሳ የምትመስል ትንሽ ቁራጭ ናት፤ ከውጭ ስለማትታይ ቱቦውን በጣትህ እየጨበጥክ ሂድ። ካገኘሃት አውጣት፣ ምልክቱን ታዘገያለች። ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ግን እሷ ከሌለች አይሠራምና ተዋት።

ባለ ሦስት ቀዳዳው አገጣጠም ላይ ቀዳዳዎቹ ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች ብቻ አትመን፤ በአፍህ ንፋ። ኤሌክትሪክ ሳይኖረው ከቱርቦው የሚመጣው ቀዳዳ ወደ አክቹዌተሩ ማሳለፍ አለበት። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ የአክቹዌተሩ ቀዳዳ ወደ መተንፈሻው ይከፈታል። እንዲህ ከተገጠመ ሽቦው ቢበጠስ ወይም ፊውዙ ቢቃጠል መኪናህ ወደ 0.5 ይመለሳል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ግን በሩ አይከፈትም፣ ቡስቱም ገደብ ያጣል። ይህን ሳታረጋግጥ አትንዳ።

ከዚህ በኋላ ነው ሴቲንግ። ጌይኑን ዜሮ አድርግ። ዱቲውን 20 በመቶ ላይ አስቀምጥና ሞክር፤ ከዚያ 5 በመቶ እየጨመርክ ሂድ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ማርሽ። ከፍ ባለ ማርሽ ሞተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚጫን ቡስቱ ከፍ ይላል፤ በ2ኛ ያስተካከልከው በ4ኛ ይዘልብሃል። ወደ 1.0 ስትጠጋ በሩን እስከ ተወሰነ ግፊት ድረስ ሙሉ ዘግቶ የሚያቆየውን ሴቲንግ አስተካክል። አንዳንዱ መሣሪያ ጌት ይለዋል፣ ሌላው ስታርት ቡስት። ቱርቦው ቶሎ የሚነሳው በእሱ ነው። በ0.6 ጀምርና መዝለል እስኪጀምር ድረስ ከፍ አድርገው፣ ከዚያ ትንሽ መልሰው። ጌይን የመጨረሻው ነው፤ የቀረችውን ትንሽ ስህተት እንዲያርም ብቻ። አንተ መዝለሉን በጌይን ልታክመው ስለሞከርክ ነው ቱርቦው የዘገየብህ።

ከፍተኛ ዙር ላይ የቡስቱ መውረድ ሌላ ጉዳይ ነው። 6,000 ላይ ዱቲው ስንት እንደሆነ እይ። 50 ወይም 60 ላይ ቆሞ ቡስቱ ከወረደ ገና ቦታ አለህ፤ በዚያ ዙር ላይ ዱቲውን ጨምርለት። 95 ደርሶም ከወረደ መጀመሪያ የኢንተርኩለሩን ቱቦዎች መገጣጠሚያ አስፈትሽ፣ አየር የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። እሱ ደህና ከሆነ ሞላውን ጠርጥር። ከፍ ባለ ዙር ጭሱ ራሱ በሩን ከውስጥ ይገፋዋል፣ የ0.5 ሞላም አይቋቋመውም። ለ1.0 ዒላማ እኔ የምመርጠው የ0.7 ሞላ ነው። ሶሌኖይዱም ብዙ መድከም አይኖርበትም። ሞላውም ተቀይሮ ከወረደ ቱርቦህ አቅሙ እዚያ ድረስ ነው። የበለጠ ብታስጨንቀው የሚሰጥህ ትኩስ አየር ነው። ለዕለት መኪና ከፍተኛ ዙር ላይ ስትደርስ 0.85 ቢሆን ምንም አይጎድልብህም።

አሁን ያሳሰበኝን ልንገርህ። ሞተሩ ስለሚቆረጥበት ነገር ቀለል አድርገህ ነው የጻፍከው። ግድግዳ እንደመታ ድንገት ከሆነ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ እየዘጋ ሞተሩን እያዳነልህ ነው። ያንን መከላከያ የሚያታልል ዕቃ ቢያቀርቡልህ እንዳትገዛ። መቆራረጥና መንተፋተፍ ከሆነ ግን ካንዴላው በግፊቱ እየጠፋ ሊሆን ይችላል፤ ክፍተቱን ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጥብብና ሞክር።

ኮምፒዩተሩ ለ1.0 ባር ተስተካክሏል ወይ? እሱን አልነገርከኝም። የከባቢውን አየር 1 ባር ብንቆጥር ከ0.5 ወደ 1.0 መሄድ ማለት ከ1.5 ወደ 2.0 መሄድ ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በሢሶ ያህል ይጨምራል፣ ቤንዚኑም በዚያው ልክ መጨመር አለበት። ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርና ፓምፑ ይህን ካልቻሉ ወይም ኮምፒዩተሩ ካላዘዘ ፒስተን ይቀልጣል። ዋይድባንድ (የአየርና የቤንዚን ምጥጥን የሚለካ ሴንሰር) ሳይኖር 1.0 አይሞከርም። በሙሉ ጭነት የአየርና የቤንዚን ምጥጥኑ ከ11.5 እስከ 12 ባለው ውስጥ ይሁን። የኖኪንግ (ቤንዚኑ ያለ አግባብ ሲቀጣጠል የሚመጣ የመንኳኳት) ድምፅ ከሰማህ ወዲያው እግርህን አንሳ።

ከፍታ ላይ የምትነዳ ከሆነም አስብበት። 2,400 ሜትር ላይ የከባቢ አየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ነው። መቆጣጠሪያህ ዒላማውን በጠቅላላ ግፊት (የከባቢውን አየር ጨምሮ) የሚቆጥር ከሆነና 2.0 ካልከው፣ ቱርቦው የሚስበውን አየር ከ2.6 እጥፍ በላይ ማመቅ ይጠበቅበታል። ለዚያ ደግሞ ከልኩ በላይ ይሽከረከራል። እዚያ ስትሆን ዒላማውን ዝቅ አድርገው።

ቱቦውን አሳጥረህ፣ ምንጩን ቀይረህ፣ ጌይኑ ዜሮ ሆኖም ቡስቱ ከ1.1 በላይ ከዘለለ፣ የዙሩን፣ የቡስቱንና የዱቲውን ንባብ አንድ ላይ ቀድተህ ላክልኝ። ያለ ሶሌኖይድ የለካኸውን የሞላውን ቁጥርም አብረህ ጻፍልኝ።