መልስ፦ ያገለገለ ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ካቴናው ዳገት ላይ ለምን ይወልቃል?

ከምናለሽ ተራ የገዙት ሞተር ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ካቴናው የሚወልቀው፣ ካቴናው ስላረጀ ሳይሆን የኋላው ባለጥርስ ክብ ብረት መሐሉን ስቶ ስለታሰረ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ለአዲስ ካቴና ያሰቡትን ገንዘብ ለጊዜው ያቆዩት።

1. ብስክሌቱን ገልብጠው የሞተሩን ካቴና ያውልቁና የኋላውን ጎማ በእጅዎ ያሽከርክሩ። እርሳስ በቴላዮው (በብስክሌቱ ዋና አካል ብረት) ላይ አስደግፈው ጫፉን ወደ ጥርሶቹ ቢያስጠጉ፣ ብረቱ ወደ ጎንም ሆነ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋልልበት ቦታ ወዲያውኑ ይታያል።

2. በእነዚህ ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ የተለመደው ባለ 44 ጥርስ ብረት፣ በ36ቱ ራጂዎች (የጎማው ቀጫጭን ሽቦዎች) መካከል በሚያልፉ 9 ብሎኖችና በላስቲክ ስለሚያዝ፣ አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቀው ወደ ቀጣዩ አይሂዱ። ተራርቀው ያሉትን እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ በየመሐሉም እያሽከረከሩ በእርሳሱ ይፈትሹ። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ነገር ግን ምንም ወጪ የለውም።

3. ካቴናውን መልሰው ሲያስገቡ፣ መሐሉ ላይ በጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይርገብ።

ከልምድ አጥብቄ የማሳስብዎት ስለ ካቴና መወጠሪያው ነው። በቴላዮው ቱቦ ላይ በብሎን ብቻ ስለሚታቀፍ፣ በንዝረት ከላላ ዞሮ ወደ ራጂዎቹ ይገባና ጎማውን በድንገት ይቆልፈዋል፤ ይህም በፍጥነት ላይ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ካቴናውን አሳጥረው ያለ መወጠሪያ ማስኬድ ከቻሉ ያውልቁት፤ ካልቻሉ እንዳይዞር በሁለተኛ ማሰሪያ ከቴላዮው ጋር ያስሩትና ከመንዳትዎ በፊት ሁልጊዜ በእጅዎ እየነቀነቁ ይፈትሹት።