አውቶሞቢል፣ ስቴሽን ወይስ ፒካፕ? አሮጌ መኪና ገዝታችሁ ልታድሱ ላሰባችሁ

ሰላም ለሁላችሁም። «የቆየ መኪና ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ይጠይቀኝ» ካልኩ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ደሴ ውስጥ ባትላሜራ ሆኜ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የኔ ዓለም ላሜራ ነው፣ መልሴም ከዚያው ይነሳል። የመኪኖቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከኮምቦልቻ፦ ሁለት ፔጆ 404 አግኝቻለሁ። አንዱ አውቶሞቢል ነው፣ አንዱ ስቴሽን። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። የስቴሽኑ ሞተር ይነሳል፣ የአውቶሞቢሉ አይነሳም። ልቤ ስቴሽኑ ላይ ነው።

ወንድሜ፣ የሞተሩን ነገር ለጊዜው ተወው። ሞተር ይወርዳል፣ ይጠገናል፣ ከሌላ 404 ይመጣል። ከሾፌሩ ወንበር ወደ ፊት ያለው ነገር በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ የሚጀምረው ከወንበሩ ጀርባ ነው። ስቴሽኑ ረዘም ይላል። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አውቶሞቢሉ 2 ሜትር ከ65 ሲሆን ስቴሽኑ 2 ሜትር ከ84 ነው። ጣሪያው፣ የጎን መስታወቱ፣ የኋላ መዝጊያው፣ የመዝጊያው ጎሚኒ ሁሉ የራሱ ነው። አንዱ ከጎደለ ከሌላ ስቴሽን ካልሆነ አታገኘውም።

አንድ ደንበኛዬ የስቴሽን 404 የኋላ መስታወት ተሰበረበት። ከወልዲያ እስከ አዲስ አበባ አስፈለግን። ሁለት ክረምት በላስቲክ ተሸፍና ቆየች። ዝናቡ በላስቲኩ ሥር እየገባ ወለሉን በላው። መስታወት ፍለጋ ተጀምሮ ወለል ብየዳ ላይ ደረስን።

ስለዚህ ሄደህ የስቴሽኑን ጀርባ ብቻ እይ። መስታወቶቹ ሙሉ ከሆኑ፣ መዝጊያው ሳይጎተት ከተዘጋ፣ የኋላ ጎማ ቤቱ ካልተበሳ ውሰደው፤ ልብህም የወደደው እሱን ነው። አንዱ ከጎደለ ግን ሞተሩ የማይነሳውን አውቶሞቢል ግዛ። ደግሞ አውቶሞቢሉን አትናቀው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈው እሱ ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፦ ቮልስ አለችኝ። ጣሪያዋን ቆርጬ ሸራ ላለብሳት አስቤ ነበር። ለሠርግም ትከራያለች።

አደራህን፣ አትቁረጣት። ይህን ጥያቄ አምስት ሰው ጠይቆኛል፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

የቮልስ ቦዲ ከሥሯ ካለው ወለል ጋር በቡሎን ነው የታሰረው። ወለሉ ብቻውን ስስ ነው። መኪናዋን ቀጥ አድርጎ የያዛት ጣሪያው፣ ምሰሶው እና ከበሩ ሥር ያለው ደፍ ተጋግዘው ነው። ጣሪያዋ የሚከፈት ቮልስ በፋብሪካ ተሠርታለች፣ እውነት ነው። ካርማን የሚባለው የጀርመን ቦዲ ሠሪ ከ1949 እስከ 1980 ሠርቷታል። ግን ካርማን ጣሪያውን ሲያነሳ ደፉ ሥር ብረት ጨምሮ አጠንክሯል። ጣሪያ የሌላት ቮልስ ጣሪያ ካላት የምትከብደው ለዚህ ነው።

አንዴ ሌላ ቦታ ጣሪያዋ የተቆረጠ ቮልስ ወደኔ መጣች። ቀለሟ አዲስ፣ ሸራዋ ንጹሕ። የሾፌሩ በር ግን መሬት ላይ ቆማ እያለች ከላይ ምሰሶውን ይነክሳል። የነከሰበት ቦታ ቀለሙ ተልጦ ላሜራው ያበራል። ክሪክ ከመሃሏ ሥር አስገብተን ትንሽ ስናነሳት ክፍተቱ ጣት አሳለፈ። ክሪኩን ስናወርደው መልሶ ነከሰ። መኪናዋ ከመሃል እየታጠፈች ነበር። ያን ቀን ባለቤቷን ሳየው አዘንኩ፤ ያጠራቀመው ብር ሁሉ እዚያ ላይ አልቋል።

ለሠርግ ከፈለግካት ጣሪያዋን ይዛ በደንብ ትቀባ። ሙሽራ ጣሪያ ባላትም ቮልስ ያምርበታል።

ከወልዲያ፦ መደበኛዋን ቮልስ ልግዛ ወይስ 1303ን?

መደበኛዋን። 1303 ከ1972 ጀምሮ የመጣች የቮልስ ዓይነት ናት፣ የፊት መስታወቷ ጎበጥ ያለ ነው። የሌላዋ ቮልስ መስታወት አይሆናትም። የፊት እግሯም የተለየ ነው። ለጉዞ ትመቻለች፣ አልክድም። ግን መንገድ ላይ ድንጋይ ፈንጥሮ መስታወቷን ቢሰብረው የት ትሄዳለህ? ሁለቱንም ስታይ የኋላውን ወንበር አንሳው። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፤ አሲዱ ወለሉን የሚበላውም እዚያው ነው።

ከኩታበር፣ አንድ አባት፦ የቆየ ላንድሮቨር አለ ይሉኛል። አጭሩ ይሻላል ረጅሙ? ሸራ ይሁን ሽፍን?

አባባ፣ እርስዎ ዕድለኛ ነዎት። ላንድሮቨር ላይ ይህ ምርጫ እንደሌላው አያስጨንቅም። ቦዲው በቡሎን የተገጣጠመ ነው። አጭሩ 88 ነው፣ ረጅሙ 109፤ ቁጥሩ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በኢንች ነው። ርዝመቱ አንድ ከሆነ የሸራውን አውርደው ሽፍን፣ ሽፍኑን አውርደው የፒካፕ ጣሪያ መግጠም ይቻላል። ስለዚህ በጣሪያው አይገምግሙት።

መታየት ያለበት ሻንሲው፣ ማለትም ቦዲውን ከሥር የተሸከመው አጽም፣ እና ከመሪው ፊት ያለው ግድግዳ ነው። ሁለቱ ብረት ናቸው፣ ይዝጋሉ። የቀረው ላሜራ በአብዛኛው አልሙኒየም ነው። «ማግኔት አልያዘም፣ ስቱኮ ነው»፣ ማለትም ቀዳዳው በልጥፍ ተሞልቶ የተቀባ ነው፣ የሚልዎት ሰው ካለ እሱ ላንድሮቨር አያውቅም። አልሙኒየም ማግኔት አይዝም። ብረትና አልሙኒየም በተገናኙበት ቦታ ግን ነጭ ዱቄት ካዩ እዚያ ላይ እየተበላ ነው። ሻንሲውን ከሥር በመዶሻ ቀስ ብለው ያስመቱ። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። ካፈነ ወይም ዝገት ካረገፈ ይለፉት።

ከባቲ፦ ፔጆ 504 ፒካፕ ገዝቼ እያደስኩ ሰኞ ሰኞ ገበያ ዕቃ ብጭንበትስ?

የ504 ፒካፕ ኋላው ባሌስትራ፣ ማለትም የተደራረበ የብረት ምላጭ ነው፣ ጭነት ይችላል። ለማደስም ከሁሉ ይቀላል። መጫኛው ቢበሰብስ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው፣ ማንኛውም በያጅ ይሠራዋል። ከጋቢናው ጀርባ የተሳፋሪ በር የለ፣ የጎን መስታወት የለ። እኔ ጀማሪ ሁሉ በፒካፕ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ግን እየሠራች የኖረች ፒካፕ ብዙ ተቀጥቅጣለች። ጋቢናው ከመጫኛው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ዙሪያውን እይ። የተደራረበ ብየዳ ካለ ከአቅሟ በላይ ስትጭን ኖራለች።

እያደሱ መጫኑ ላይ ግን አልስማማም። ወይ ትሠራለህ ወይ ትነግድባታለህ። ፍሬኗ በግማሽ የቀረ መኪና ጨው ጭኖ ሲወርድ ማሰብ አልፈልግም።

ከከሚሴ፦ ላዳ ስቴሽንስ?

ላዳ ከ1970 ጀምሮ ፊያት 124ን መሠረት አድርጎ የተሠራ ነው። ብዙ ዘመን ታክሲ ስለነበር የአውቶሞቢሉ ዕቃ አሁንም ይገኛል። የስቴሽኑ ጀርባ ግን ብርቅ ነው። ለኮምቦልቻው ወንድማችን ያልኩት ላንተም ይሠራል።

ከደሴ፣ ሸዋ በር፦ ሦስት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ ባለ ሁለት በር መኪና ወድዶ ነው፣ እኔ ባለ አራት በር እላለሁ።

እህቴ፣ አንቺ ልክ ነሽ። ባለ ሁለት በሯ ብየዳዋ ያነሰ ነው፣ በሯም ሁለት ብቻ ነው የሚጠገነው፣ ለዚህ ባለቤትሽን እረዳዋለሁ። ግን በሯ ረጅምና ከባድ ነው፣ ማጠፊያው ቶሎ ይወርዳል። ልጆች ደግሞ ወደ ኋላ ለመግባት በየቀኑ በሩ ላይ ይንጠለጠላሉ።

ክብደቱንም አስቡበት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ናት፣ አየሩ ስስ ነው። ካርቦራቶር ያለው ሞተር እዚህ ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። ትንሽ ሞተር ባለው መኪና አምስት ሰው ሆናችሁ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ስትወጡ በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትጨርሱት።

ከመርሳ፦ ቦዲውን ቀይሬ አውቶሞቢሉን ፒካፕ ባደርገው ችግር አለው?

ሊብሬው ላይ የቦዲው ዓይነት ተጽፏል። ሳትቆርጥ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። ከቆረጥክ በኋላ ቦሎ ቢከለከል ጣሪያው አይመለስም። ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ያለን አውቶሞቢል ያለን ነው፣ አንዱን መቁረጥ ያሳዝነኛል።

ከሐይቅ፦ ቅዳሜ መኪና ለማየት እሄዳለሁ። መካኒክ ይዞ የሚሄድልኝ የለም። ምን ይዤ ልሂድ?

አብሽሪ እህቴ፣ ከባድ አይደለም። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ያዢ፣ ቀለም እንዳይጭር። በጠዋት ሂጂ፣ መኪናው ሳይታጠብ። የጎማ ቤቱን ጠርዝ፣ የበሮቹን ታች እና ደፉን በማግኔቱ ዳሺ። ብረት መሆን ያለበት ቦታ ላይ ማግኔቱ ከላላ ሥሩ ስቱኮ ነው። ምንጣፉን ገልጠሽ ወለሉን በእጅሽ ንኪው። እርጥበት ካለ ከየት እንደሚገባ ጠይቂ። ከዚያ ባለቤቱ ክሪክ ያውጣና አንድ ጎን ያንሳልሽ። መኪናው እንደተነሳ በሩን ክፈቺና ዝጊው። ሳይነካካ ከተዘጋ ስለ ዋጋ ማውራት ትችያለሽ። ከነከሰ፣ የቱንም ያህል ያማረ ይሁን፣ አመስግነሽ ወደ ሐይቅ ተመለሺ።