ቅጠሉንም አንሱልኝ

ነፍሳት እናጥና ብላችሁ የተነሳችሁ ልጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ የቢራቢሮ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። ሁሌም ክንፍ ነው። «ጋሼ፣ ይቺ ምን ትባላለች?» ትሉኛላችሁ፣ እኔም ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ። ግን እባካችሁ ያረፈችበትን ቅጠልም አንሱልኝ።

ለምን እንደምል በአንዲት የብራዚል ቢራቢሮ ላሳያችሁ። ሳይንሳዊ ስሟ ፓሪደስ አስካኒየስ ነው፤ የአገሩ ሰው «የባህር ዳርቻ ቢራቢሮ» ይላታል። ክንፏ ጥቁር ሆኖ ነጭ መቀነት ያቋርጠዋል፣ የኋላ ክንፏ ላይ ደግሞ ደማቅ ሮዝ አለበት፣ ጭራም አላት። በጣም ታምራለች! እ.ኤ.አ. በ1973 ብራዚል ሊጠፉ የተቃረቡ እንስሳትን ስትመዘግብ ከነፍሳት ወገን የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

መረብ ይዞ የሚሮጥ ሰው የጨረሳት እንዳይመስላችሁ። የምትኖረው በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት፣ ሬስቲንጋ በሚባለው የባህር ዳር አሸዋማ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ በተለይ ረግረጉ አካባቢ ነው። ረግረጉ ተጠንፍፎ ቤትና መዝናኛ ሲሠራበት አሪስቶሎኪያ የምትባል ሐረግ አብራ ትጠፋለች። የዚች ቢራቢሮ አባጨጓሬ ደግሞ የሚያድገው በእሷ ቅጠል ነው። ሐረጓ መርዛም ናት፤ አባጨጓሬው ግን መርዙን በገላው ያጠራቅምና ቢራቢሮ ሆኖ ሲወጣም ይዞት ይወጣል፣ ወፍ ብትቀምሰው ትተፋዋለች። እንግዲህ ሐረጓ ምግቡም ጋሻውም ናት ማለት ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት አጥፍቼ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ከሎሚ ዛፍ ላይ አባጨጓሬዎች ለቅሜ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኩና ጎመን ሰጠኋቸው። ቅጠል ቅጠል ነው ብዬ! አንዱም አልነካውም፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ሁሉም አለቁ። እስከዛሬ ያሳዝነኛል።

ግቢያችሁ ሎሚ ካለ የዚያችው የብራዚሏ ዘመድ የሆነች ቢራቢሮ እኛም አገር አለችላችሁ። ትንሹ አባጨጓሬ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። በስንጥር ቀስ አድርጋችሁ ብትነኩት ከራሱ ኋላ ባላ የመሰለ ቀንድ ብቅ ያደርጋል፣ ኃይለኛ ሽታም ይለቃል። ነገ ጠዋት ለጋ ለጋውን ቅጠል ገልበጥ ገልበጥ እያደረጋችሁ ፈልጉ። የመርፌ ራስ የምታክል ቢጫማ እንቁላል ካገኛችሁ ቀኑን ጻፉ፣ የዛፉንም ስም ጻፉ። ቅጠሉን ግን አትቁረጡት፣ እዚያው ባለበት እየሄዳችሁ እዩት።