ድመት ነው ወይስ አይጥ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ እሥላለሁ። ሚኪ ማውስን ሥዬ ስጨርስ ግማሾቹ ልጆች «ድመት!» አሉት። የሚኪን ጓደኛ ጉፊን ደግሞ መምህራኑ ራሳቸው «ላም ነው»፣ «ውሻ ነው» እያሉ ተከራከሩበት። ምን ላስተካክል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ልጆቹ ያዩት ጆሮውን ነው። በ1920ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የካርቱን ፊልሞች ውስጥ ድመቱ ፊሊክስ፣ ጥንቸሉ ኦስዋልድና አይጡ ሚኪ አንድ ዓይነት አካል ነበራቸው፦ ጥቁር ገላ፣ ነጭ ፊት፣ እንደ ጎማ ቱቦ የሚተጣጠፍ እጅና እግር። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበር በቀለም መለየት አይቻልም። ዝርያቸውን የሚናገረው ጆሮና ጅራት ብቻ ነው፤ ሾል ያለ ጆሮ ለድመት፣ ረጅም ለጥንቸል፣ ክብ ለአይጥ።

ክቦቹን ለመሣል ምስማርና ሲባጎ ይያዙ፤ ምስማሩን መሃል ላይ ተክለው በሲባጎው ጫፍ ዙሪያውን ያሥምሩ። የጭንቅላቱ ክብ 50 ሴንቲሜትር ስፋት ካለው ሲባጎው 25 ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ጆሮ 15 ይበቃል። የጆሮው ክብ ጭንቅላቱን በጥቂቱ ብቻ ይንካ፤ ብዙ ከገባ ድብ ይመስላል። ትልቁ ስህተት የሚመጣው ፊቱ ወደ ጎን ሲዞር ነው። ሠዓሊው የእውነተኛ ጆሮን ሕግ ተከትሎ ያጠብበዋል፤ ያኔ ሞላላና ሹል ሆኖ ድመት ይወጣዋል። የሚኪ ጆሮ በየትኛውም አቅጣጫ ክብ ነው። ጅራቱን ቀጭንና ረጅም ያድርጉት። ነጩ ጓንት ከዝርያው ጋር አይገናኝም፤ በ1929 የተጨመረ ሲሆን ጥቁር እጅ በጥቁር ገላ ላይ እንዳይጠፋ ይረዳል።

ጉፊ ውሻ ነው። በ1932 ሲወጣ ዲፒ ዳውግ ይባል ነበር፤ «ዳውግ» በእንግሊዝኛ ውሻ ማለት ስለሆነ ስሙ ራሱ ውሻነቱን ይናገራል። ከእነሚኪ ጋር ያለችው ላም ቀንዳሟ ክላራቤል ናት። ስለዚህ በጉፊ አፍንጫ ላይ ሁለት ሰፋፊ ቀዳዳ አይሣሉ፤ ላም የሚያስመስለው እሱ ነው። በአፉ ጫፍ ላይ ድፍን ጥቁር ሞላላ አፍንጫ ያስቀምጡ፣ ጆሮዎቹን ወደ ታች ያንጠልጥሏቸው። ታዲያ ፕሉቶስ? እሱም ውሻ ነው፤ የተለየው ሚናቸው ነው። ጉፊ ልብስ ለብሶ በሁለት እግሩ ቆሞ ያወራል፤ ፕሉቶ የሚኪ የቤት ውሻ ነው፣ በአራት እግሩ ይሄዳል፣ አይናገርም። ሁለቱን ጎን ለጎን ከሣሉ የፕሉቶን አረንጓዴ የአንገት ማሰሪያ አይርሱ።

ጥያቄ፦ በካርቱን ፊልም ላይ ኮዮቱ (ቀበሮ መሰሉ የአሜሪካ አውሬ) የሚያሳድደው ወፍ ሰጎን ነው? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ አይደለም። ሮድ ራነር የሚባል፣ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካና በሜክሲኮ የሚኖር የኩኩ ወፎች ዘመድ ነው። ሰጎን የሚያስመስለው በካርቱን የረዘመው አንገቱና እግሩ ነው። እውነተኛው ወፍ ከምንቃሩ እስከ ጅራቱ ጫፍ 60 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ጉትዬና ረጅም ጅራት አለው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሮጣል። ኮዮት ደግሞ 60 ያልፋል፤ በሜዳ ላይ ቢገናኙ ወፉን የሚያድነው ሩጫው ሳይሆን ክንፉ ነው።