አሮጌ ፒካፕ ቤት ልታደርጉ ላሰባችሁ ልጆች

ሰሞኑን ሦስት ልጆች ጋራዣችን መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት፣ ሦስቱም ሥራ ከያዙ ብዙ ያልቆዩ። ገንዘብ አዋጥተው አሮጌ ላንድክሩዘር ፒካፕ ሊገዙ ነው፤ ቀብድም ከፍለዋል። ስልክ አውጥተው ፎቶ አሳዩኝ። ኋላው ላይ የእንጨት ቤት የተሠራለት መኪና ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ በመስኮቱ ተራራ ይታያል። «ጋሼ፣ ልክ እንዲህ አድርገው ይሥሩልን» አሉኝ።

ደስታቸውን ሳይ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ፈራሁላቸው። የዚያን ዕለት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ እየጮኸ በወጉ አልተነጋገርንም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። እነሱን የመሰሉ ልጆች ሌላም ቦታ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳልነግራቸው የቀረውን ሁሉ ልጻፈው።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ መኪና ሥር ተኝቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። በባትላሜራ፣ በቆርቆሮ አካሉ ሥራ ጀመርኩ፤ ኋላ መኪናውን ከሥር ወደሚሸከመው ብረት፣ ወደ ሻንሲውም፣ ወደ ሞተሩም ገባሁ። አሁን ጋራዡን የሚያንቀሳቅሰው ልጄ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት እመጣለሁ፣ ቡና እጠጣለሁ፣ ሰው ሲጠይቀኝ የማውቀውን እናገራለሁ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። መኪናውን አትቁረጡት፤ ምንም ነገርም አትበይዱበት። ቤቱ ለብቻው ይሠራ፣ መኪናው ላይ ይጫን፣ ሲያስፈልግ ይውረድ።

ይህን የተማርኩት በሰው መኪና ነው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት አንድ ደንበኛ እንዲሁ ፒካፕ ይዞ መጣ። ካሶኒውን፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ፣ አውልቀን የብረት ሳጥን ሠራንለት። ጠንካራ ይሁን ብዬ ሳጥኑን በቀጥታ ሻንሲው ላይ በየድኩት፤ አራቱንም ማዕዘን። ሲያልቅ ያምር ነበር። መንገደኛ ቆሞ ያየው ነበር፣ እኔም ኮርቼበት ነበር። ሰውዬው ወደ ባሌ ጉዞ ጀመረ። መጀመሪያ የሳጥኑ በር አልዘጋ አለው። በር ነው ብሎ ናቀው። አዳባን አለፍ እንዳለ ከሥር ድምፅ ሰማ፤ ወርዶ ሲያይ ሻንሲው ከጋቢናው ኋላ፣ ልክ የእኔ ብየዳ በሚያበቃበት ቦታ ተሰንጥቋል። ፒካፑን በጭነት መኪና ላይ ጭነው አመጡት። ሰውዬው አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር። በራሴ ወጪ አስተካከልኩለት፤ ያቺን ስንጥቅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የፒካፕ ሻንሲ እንደ መሰላል ነው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመካከላቸው አግዳሚዎች። አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ መሰላሉ ይጠማዘዛል፤ የተሠራውም እንዲጠማዘዝ ነው። በጋቢናውና በካሶኒው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ አስተውላችሁት ከሆነ። መኪናው ሲጠማዘዝ ሁለቱ እንዳይጋጩ ሆን ተብሎ የተተወ ቦታ ነው። ሳጥን ግን አይጠማዘዝም። የማይጠማዘዘውን ነገር በሚጠማዘዘው ላይ አራት ማዕዘኑን ይዛችሁ ካሰራችሁት ከሁለቱ አንዱ መሰንጠቁ አይቀርም። ብየዳው ደግሞ ያባብሰዋል። እሳት የነካው ብረት ጠባዩ ይለወጣል፣ ስንጥቁም ከብየዳው ጫፍ ይነሳል።

ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ መርሴዲስ ኡኒሞግ ያሉት ትልልቅ የጉዞ መኪኖች ሳጥናቸው የሚያርፍበት ነጥብ ሁሉ ግትር አይደለም፤ እንደ ማጠፊያ የሚንቀሳቀስ አለበት። ሻንሲው ከሥር ሲወዛወዝ ሳጥኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለእናንተ ግን ቀለል ያለው መንገድ የመኪናውን ካሶኒ ሳይነኩ መተው ነው። ፋብሪካው ካሶኒውን ሲያስር ይህን ሁሉ አስቦበታል። ሳጥናችሁን ካሶኒው ውስጥ አስቀምጡት፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ አንጥፉለት፣ ማዕዘን ማዕዘኑን እያጠበቁ በሚያስሩት መንጠቆ እሰሩት። ለማውረድ ሲፈለግ በአራቱ ማዕዘን ረጃጅም እግር ገብቶለት በክሪክ ከፍ ይላል፣ መኪናው ከሥሩ ይወጣል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፒካፑ ዕቃ ጭኖ ይሠራላችኋል ማለት ነው። ገንዘብ አዋጥቶ ለገዛ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሊብሬው ላይ የመኪናው ዓይነት መጻፉንም አትርሱ። ቋሚ ለውጥ ልታደርጉ ካሰባችሁ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ቦሎ ሲደርስ ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

አሁን ወደ ክብደቱ እንምጣ፤ ፎቶ ላይ የማይታየው እሱ ነው።

እነዚህ ፒካፖች የሚጭኑት አንድ ቶን ገደማ ነው። ቶን ሲባል ብዙ ይመስላል። እስቲ አብረን እንቁጠር። ቀለል ተደርጎ የተሠራ ሳጥን 350 ኪሎ ይሁን። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ነው፤ ውሃ ሊትሩ ኪሎ ነው፣ ምሕረት የለውም። ሁለት ሰው 140። ሁለተኛ ባትሪ 30። ሁለት ጀሪካን ናፍታ ከነጀሪካኑ ወደ 40። ተጨማሪ ስኮርታ ከነቸርኬው 35። ማቀዝቀዣው ከነምግቡ 35። ክሪኩ፣ መፍቻው፣ አካፋው 40። ፍራሽ፣ ልብስ፣ ድስት፣ ጀበና ብላችሁ 80 ጨምሩ። 830 ኪሎ ደረሰ! ሦስተኛው ጓደኛችሁ ገና አልተሳፈረም። እኔ ደግሞ ለጠጠርና ለድንጋይ መንገድ የምመክረው ከሚፈቀደው ከአራት ሦስት እጁን ብቻ እንድትጭኑ ነው። ስለዚህ ያ የእንጨት ቤት፣ እውነተኛ ጣውላ ከሆነ፣ ብቻውን ቶኑን ሊበላው ይችላል። ቀጭን ባለአራት ማዕዘን ቱቦ ለአጥንቱ፣ ስስ ላሜራ ወይም አልሙኒየም ለውጩ፣ በመካከል ጠንካራ ፎም፣ ከውስጥ ስስ ኮምፔርሳቶ። በቃ። ሥራው ሲያልቅ የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ውጡ፤ መጀመሪያ የፊት እግሩን ብቻ፣ ቀጥሎ የኋላውን፣ ከዚያ ሙሉውን።

የት እንደምትጭኑም ወሳኝ ነው። አህያ ጭኖ የሚያውቅ ገበሬ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል፤ ጭነቱ ወደኋላ ካዘነበለ ዳገት ላይ አህያዋ ትቀመጣለች። ከኋላ ጎማ ወዲያ የምትሰቅሉት ነገር ሁሉ የፊቱን ያነሳል። መሪው ይቀላል፣ መኪናው መንገዱን አይዝም። ውሃና ባትሪ ከወለሉ ጋር፣ ከጋቢናው ጀርባ ይሁኑ። ጣሪያው ላይ ባለው መጫኛ፣ በፖርቶመጋላው፣ ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ ጀሪካን አትስቀሉ።

ስለ መኪናው ራሱ ትንሽ ልበል። ገንዘባችሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት፤ ሁለቱ እጅ ለመኪናው፣ አንዱ ለቤቱ ይሁን። አብዛኛው ልጅ ይህን ገልብጦ ያደርገዋል። ሰባዎቹ የሚባሉት ላንድክሩዘሮች እ.ኤ.አ. በ1984 የወጡ ናቸው፤ የአገራችን መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቃቸዋል፣ ለዚህም ነው የምወዳቸው። ባለ 2ኤች ሞተሩ 4 ሊትር ነው፣ ታይሚንጉም፣ ማለት የሞተሩን ቫልቮች በሰዓታቸው የሚከፍተውና የሚዘጋው፣ በጥርስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ የመጣው 1ኤችዜድ 4.2 ሊትር ነው፤ እሱ ግን በጥርስ ፈንታ የታይሚንግ ቺንጋ፣ ቀበቶ መሳይ ጎማ፣ አለው። ያ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። አሮጌ መኪና ላይ ቆጣሪው የሚለውን አትመኑ፤ በገዛችሁበት ሳምንት ቀይሩት። የፍሬን ዘይትም እንዲሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እግራችሁ ባዶ ይረግጣል። ከጎማው በላይ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ የተሰበረ ቅጠል እንዳለው እዩ። ሻንሲውን በትንሽ መዶሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምቱት። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ያሰማል። ዝገት የበላው ድምፁ ይታፈናል።

መንገዳችን ደግሞ ቀላል መንገድ አይደለም። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በጎባ አድርጋችሁ ወደ ባሌ ተራሮች አናት፣ ወደ ሰነቴ ስትወጡ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ እዚያ ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። እዚያ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ አትደንግጡ፤ አየሩ ስለሳሳ ናፍታው በሙሉ አይቃጠልም። ማርሽ ቀንሱ፣ ታገሱት። ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። በሌላ ሳምንት ደግሞ ኮንሶን አልፋችሁ ወደ ቱርሚ ስትወርዱ ያው ሳጥን ምድጃ ይሆንባችኋል። ለሁለቱም የሚበጀው አንድ ነው፤ ፎሙ ክፍተት ሳይኖረው ይለጠፍ፣ ብረቱ ከውጭ እስከ ውስጥ ባዶውን አይለፍ። ባዶ ብረት ባለበት ትንፋሻችሁ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፣ ፍራሹ ይሻግታል። አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ ይኑራችሁ። ብርድ ነው ብላችሁ አትድፈኑት።

ብርድ ካነሳሁ፣ የዚያን ዕለት ልጅቷ አንድ ነገር ጠይቃኝ ነበር፤ «ጋሼ፣ ሲበርደን ከሰል አቀጣጥለን ቡናውን እዚያው ብናፈላስ?»

ልጆቼ፣ እለምናችኋለሁ። ይህን በጭራሽ አታድርጉ። ጭሱ የጠፋለት፣ ቀይ ሆኖ የጠራ ፍም ሰው ያምነዋል፤ አደገኛው ግን እሱ ነው። የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ አያስልም። ራስ ምታት ይመስላል፣ ድካም ይመስላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይመስላል። በትልቅ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድል ነገር በአንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። በአመድ የተዳፈነም ቢሆን አይገባም። ቡናው ውጭ ይፈላ፤ ሰማይ ሥር ይበልጥ ይጣፍጣል። ለብርዱ ጋቢም ወፍራም ብርድ ልብስም ያዙ። ቡታጋዝ ካላችሁ ደግሞ ሲሊንደሩ ከመኝታው ተለይቶ፣ ወደ ውጭ ብቻ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ይሁን፤ የሳጥኑ ወለልም ቀዳዳ ይኑረው። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ ወለል ላይ ተኝቶ እሳት ይጠብቃል።

በኤሌክትሪኩ ብዙ አልቆይም። ሞተር የሚያስነሳውን ባትሪ ለቤቱ አትጠቀሙበት፤ ለቤቱ የራሱ ይኑረው። 100 አምፒር የሚባለው ተራ ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ ዕድሜው እንዳያጥር ግን ግማሹን ብቻ ተጠቀሙ። ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ ያንን ግማሽ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ይጨርሰዋል። ባለ 200 ዋት ሶላር በእኛ ፀሐይ መልሶ ይሞላዋል። ፊውዙ ከባትሪው አጠገብ ይሁን። ሩቅ ከሆነ እስከዚያ ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም።

የመጀመሪያ አዳራችሁ ሰነቴ አይሁን። ወንዶ ገነት ሂዱና አንድ ሌሊት እደሩ። ስትመለሱ የጎደለውን ሁሉ ታውቁታላችሁ። ሥራውን ስትጨርሱ እያንዳንዱ ቡሎንና ዳዶ ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር አስምሩ፣ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ። ከላላ መስመሩ ይሰበራል፤ መፍቻ ሳታወጡ በባትሪ መብራት ብቻ ታዩታላችሁ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ አጥብቁ፣ ከ500 በኋላም እንደገና።

ሦስቱ ልጆች ባለፈው ቅዳሜ መኪናውን ራሱን ይዘው መጡ። ልጅቷ መዶሻ ተቀብላኝ ከሥር ገባች። እየመታች ሄደች፣ እየመታች ሄደች፣ የኋላው ባሌስትራ የሚታሰርበት ጋ ስትደርስ ድምፁ ታፈነ። ደግማ መታችው። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ነው» አለች። ቤቱ ለጊዜው ቆሟል፤ በዚህ ሳምንት የምንሠራው ያንን ነው።