ፎቶው ተሰርዟል? ካርዱን አውጣና ቆልፈው

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የእህቴ ሰርግ ፎቶዎች ከካሜራዬ ባለ 32 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ ላይ በስህተት ተሰረዙ። ሱቅ ወስጄ ሪከቨር አስደረግኩ። እዚያው ካርዱ ላይ መልሰው ሰጡኝ፤ ግን ብዙዎቹ ግማሻቸው ግራጫ ነው፣ የፋይሎቹ ስምም የመጀመሪያ ፊደሉ የለም። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ካርዱን አውጣና ጎኑ ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ግፋት። ከአሁን በኋላ ምንም አይጻፍበት።

ፊደሉ መጥፋቱን ሳነብ ነው ነገሩ የገባኝ። ይህን ያህል መጠን ያለው ካርድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ፋት32 በሚባለው የፋይል አደረጃጀት ነው። ፋት32 ደግሞ ሲሰርዝ ፎቶውን ራሱን አይነካውም። ከስሙ የመጀመሪያዋን ፊደል በምልክት ይተካል፣ ከዚያ የፎቶው ቁራጮች የት የት እንዳሉ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ዜሮ ያደርጋል፣ በቃ። መዝገቡ ላይ «ወጥቷል» ተብሎ እቃው መጋዘን ውስጥ እንደቀረ ቁጠረው። ስለዚህ ሪከቨር የሚያደርገው ፕሮግራም የመጀመሪያውን ቁራጭና የፋይሉን መጠን ያውቃል፤ ሌላውን ተከታትሎ የተቀመጠ ነው ብሎ ይገምታል። ቁራጮቹ ተበታትነው ከነበረ ግምቱ ይስታል፣ ፎቶውም መሃል ላይ ይበላሻል።

ይህ አንዱ ነው። የሚያናድደኝ ግን ሱቁ ያወጣውን እዚያው ካርድ ላይ መጻፉ ነው! እያንዳንዱ የተመለሰ ፎቶ ገና ባልወጣ ፎቶ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የተጻፈበትን ማንም አይመልሰውም፤ እመልሳለሁ ለሚልህ ገንዘብ እንዳትከፍል።

የተረፈውን እናውጣ። ላፕቶፕህ ላይ ከ32 ጊጋ በላይ ባዶ ቦታ አዘጋጅ። ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጥ። የምትጫነው «ሪድ» የሚለውን ነው፤ «ራይት»ን እንዳትነካ። ከዚያ ፎቶሬክ የሚባለውን የሪከቨሪ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ሳይሆን ቅጂው ላይ አስኪደው። እሱ የስሞቹን ዝርዝርና ሰንጠረዡን ትቶ የፎቶ መጀመሪያ የሚመስለውን ሁሉ ይፈልጋል። የድሮ ስም አይመልስም፣ ግን ሱቁ ያላገኘውን ሊያገኝ ይችላል። ዊንዶውስ ፎርማት ወይም ጥገና ላድርግ ካለህ እምቢ በል። ምንም አይጻፍበት ብያለሁ!

ርካሽ ካርድ ሪደርም አትመን። መቆለፊያዋን የሚያከብረው ሪደሩ እንጂ ካርዱ አይደለም፣ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ አያያትም።

ፎቶዎቹን በተነሱበት ቅደም ተከተል እያቸው። ግራጫዎቹ እዚህም እዚያም ከሆኑ ያልኩህ ነው። ከአንድ ቁጥር በኋላ ያሉት ሁሉ ከተበላሹ ግን ካርዱ 32 ጊጋ የተጻፈበት ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባለው የካርድ እውነተኛ መጠን መፈተሻ ፕሮግራም ይለይልሃል፤ እሱም ካርዱ ላይ ስለሚጽፍ ፎቶዎቹ በሁለት ቦታ ከተቀመጡ በኋላ ብቻ ሞክረው።