ደረጃ 4 ማለት አበቃለት ማለት ነው?

ጥያቄ፦ የ16 ዓመት ልጄ ክረምቱን ሙሉ ሲያስለው ከረመ። ሌሊት አንሶላው እስኪጨመቅ ያልበዋል። ብርድ ነው እየተባለ ሽሮፕ ስንቀያይር ቆየን። በመጨረሻ ከአንገቱ ዕጢ ናሙና ተወስዶ ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባል የዕጢ ካንሰር ነው፣ ደረቱን ሞልቶ ሳንባው ደርሷል፣ ደረጃ 4 ነው ተባልን። ጎረቤቱ «በከንቱ አታሰቃዪው፣ ጠበል ውሰጂው» ይለኛል። ምን ይሻላል?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤቶችዎን ለዛሬ አይስሟቸው። ሆጅኪን ደረጃ 4 ደርሶም በአግባቡ ከታከመ ብዙ ወጣቶች የሚድኑበት ካንሰር ነው።

ዋናው ሕክምና ኬሞቴራፒ ነው። የተለመደው አራት መድኃኒቶችን በየ2 ሳምንቱ በደም ሥር መስጠት ነው፤ 6 ወር ገደማ ይፈጃል። አንዱ ቀይ ነው። ልጁ በዚያ ቀን ቀይ ሽንት ቢሸና እንዳይደነግጡ፣ ደም አይደለም። ይኸው መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል አስቀድሞ የልብ አልትራሳውንድ ይጠይቁ። ሌላው ሳንባን ይነካል፤ አዲስ ሳል ከመጣ ለሐኪሞቹ ይንገሯቸው።

ጨረር የሚታከልበት ጊዜ አለ። ለዚያ ጥቁር አንበሳ ሊላክ ይችላል። በሽታው ከተመለሰም ጠንከር ያለ ኬሞና የራሱን የመቅኔ ሴል መልሶ መስጠት አለ፤ ውድ ነው፣ አልዋሽዎትም።

ቴርሞሜትር ይግዙ። 38 ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይውሰዱት። ፊቱ ካበጠ ወይም በጀርባው መተኛት ካቃተውም እንዲሁ።

ጠበሉ? እኔም የጎንደር ልጅ ነኝ፣ አልከለክልም። ይረጭ። ያልፈላ ውሃ ግን አይጠጣ፣ የኬሞ ቀጠሮም አይለፈው።